ሃሮልድ ሪድሊ እና የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የዓይን ሌንስ

ከኦቾሎ ተረተር ወደ አባያ ቆላ ወርዶ የሚያርስ አረጋዊ የዓይን ሞራው ተነሥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካለት፣ የሌንሱ መጥራት ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃኑን ሬቲናው ላይ በትክክል ማሳረፍም አለበት። በ2005/06 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአገራችን ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በሞራ የሚመጣ መሆኑን ስላሳየ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዚህን ችግር ጅማሬ በእንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም በሃሮልድ ሪድሊ ሕይወት ውስጥ እናገኘዋለን።

ሪድሊ በ1906 በሌስተርሻየር ተወለዱ። አባታቸውም የዓይን ሐኪም ነበሩ። በካምብሪጅና በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በዛሬዋ ጋና ሲያገለግሉ ኦንኮሰርካ ዓይንን የሚጎዳበትን ሁኔታ አጥንተው በ1945 አሳተሙ። ይህ ሥራቸው በሌንሱ ዝና መጋረዱ ያሳዝናል።

ከአውሮፕላን መስተዋት የተፈናጠረ የፐርስፔክስ ስብርባሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ሳያስቆጣ እንደሚቆይ አስተውለው ነበርና፣ ከሬይነር ኩባንያ ጋር ሌንስ አሠርተው ኖቬምበር 29 ቀን 1949 የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አደረጉ። ሌንሱ በቋሚነት የተተከለው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1950 ነው።

የአብራሪዎቹ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ለተመራማሪ ግን የበለጠ የሚያስተምረው ቀጥሎ የታየው ስሕተት ይመስለኛል። የመጀመሪያዋ ታካሚ ወደ 18 ዳዮፕተር የሚደርስ የቅርብ እይታ ቀረባት። ሌንሱ የተፈጥሮውን ሌንስ ጉብጠት ተከትሎ የተሠራ ነበር። ይሁን እንጂ የተፈጥሮው ሌንስ የብርሃን ስብረት መጠን 1.42፣ የፐርስፔክስ 1.49፣ በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ 1.336 ገደማ ነው። የሌንስ ኃይል የሚመነጨው ከፈሳሹ ጋር ካለው ልዩነት ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ጉብጠት 0.08 የነበረው ወደ 0.15 ሲያድግ ኃይሉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ የሌንሱ ገጽታዎች እንዲለጠጡ ተደረገ።

ዛሬም የሌንስ ንድፎች ሲነጻጸሩ ጥያቄው ይኸው ነው። አስፌሪክ ሌንስ ብሌን በሚሰፋበት ድንግዝግዝ ብርሃን የምስሉን ጥራት ይጠብቃል፤ ባለ ብዙ ትኩረት ሌንስ ብርሃኑን ስለሚከፋፍል የጥቁርና የነጭ ልዩነት ይደበዝዛል። ማታ በድንጋያማ መንገድ ወደ ኦቾሎ ለሚወጣ ገበሬና በክንድ ርቀት ድርና ማግ ለሚያይ የጋሞ ሸማኔ አንድ ሌንስ እኩል አይስማማም። የዓይኑ ርዝመት ሳይለካ የተመረጠ ከሆነ ደግሞ በላቦራቶሪ የላቀው ሌንስ እንኳ ምስሉን ከሬቲናው ፊት ወይም ኋላ ይጥለዋል።

ሪድሊ በ1951 ውጤታቸውን በኦክስፎርድ ሲያቀርቡ፣ ሰር ስቲዋርት ዱክ-ኤልደርን የመሳሰሉ የሙያው አለቆች ተቃወሟቸው። ከመቶ ሚሊግራም በላይ የሚመዝነው ሌንስ አንዳንዴ ከቦታው ይንሸራተት ስለነበር ተቃውሞው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አልነበረም። በ1966 ከፒተር ቾይስ ጋር የሌንስ ተካዮችን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1971 ጡረታ ወጡ። በ1986 የሮያል ሶሳይቲ አባልነት፣ በ2000 የሰርነት ማዕረግ አገኙ። በስተርጅና ለራሳቸውም ሁለቱም ዓይኖች ሌንስ የተተከለላቸው ሥራውን በጀመሩበት በሴንት ቶማስ ሆስፒታል ነበር። በሜይ 2001 አረፉ።