ሉዊ ፓስተር፦ እርሾ ሕይወት እንዳለው ያስመሰከረው ሰው

አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቀድሞ እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ በቦታው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ብዙዎቻችን ፓስተር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ልክ ነን። ግን ሰውየው ወደ ክትባት ከመግባቱ በፊት ሃያ ዓመት ያህል የደከመው በእርሾ፣ በወይን ጠጅና በቢራ ላይ ነበር። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምናየው ያንን የሕይወቱን ክፍል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊ ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ወታደር የነበረና በኋላ ቆዳ እያለፋ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ሰው ነው። ልጁ ያደገው አርቧ በምትባል በወይን እርሻዋ በታወቀች ከተማ ነው። በልጅነቱ ከትምህርቱ ይልቅ በሥዕሉ ይታወቅ ነበር። ኋላ ግን ፓሪስ ሄዶ ኬሚስትሪ ተማረ። በ1849 ማሪ ሎራን የምትባለውን ወጣት አገባ። ማሪ ሚስቱ ብቻ አልነበረችም፤ ማታ ማታ የሚነግራትን እየጻፈች ሥራውን አብራው የሠራች ሰው ናት።

በ1854 ሊል ከተማ ውስጥ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1856 ቢጎ የሚባል ባለ ፋብሪካ ችግር ይዞ መጣበት። ስኳር ከሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት አልኮል ይጠምቅ ነበር፤ ግን አንዳንዱ ጋን አልኮል በመሆን ፈንታ እየኮመጠጠ አስቸገረው። ፓስተር ቢሮው ቁጭ ብሎ መልስ አልሰጠም። ፋብሪካው ድረስ እየሄደ ከየጋኑ ናሙና ወሰደና በማይክሮስኮፕ አየ። ደህና በሆነው ጋን ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ሕዋሶች ነበሩ። በተበላሸው ውስጥ ደግሞ ቀጫጭን ዘንግ የሚመስሉ ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ታዩት።

ይሄ ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ትልቅ ጠብ ያለበት ጉዳይ ነበር። ካኛር ደ ላ ቱር የተባለው ፈረንሳዊና ሽቫን የተባለው ጀርመናዊ በ1837 እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው ብለው ጽፈው ነበር። ታላላቆቹ ኬሚስቶች ግን ሳቁባቸው። በተለይ ጀርመናዊው ሊቢግ፣ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው የሚበሰብሰው የእርሾ አካል ነው እንጂ ሕይወቱ አይደለም ባይ ነበር። ፓስተር በ1860 ባወጣው ጥናት ስኳር፣ የአሞኒያ ጨውና የእርሾ አመድ ብቻ ባለበት ውኃ ውስጥ ጥቂት እርሾ ጨምሮ፣ እርሾው ሲራባና አልኮል ሲሠራ አሳየ። የሚበሰብስ ነገር በሌለበት ከተብላላ እንግዲህ ሥራው የሕያው ነገር ነው ማለት ነው።

ታዲያ ሙቀት እዚህ ላይ ምን አገባው? ለምን ቢባል፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚስማማው ሙቀት አለው። ሊጥ በብርድ ቀን ቶሎ እንደማይነሳ እናቶቻችን ያለ ማይክሮስኮፕም ያውቁታል። በጣም ሲቀዘቅዝ እርሾ አይሞትም፣ ያንቀላፋል። ሙቀቱ ሲጨምር ሥራው ይፋጠናል፤ በሚመቸው ክልል ውስጥ አሥር ዲግሪ ሲጨመር ፍጥነቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። አብዛኛው እርሾ በ30 እና በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል በጣም ይፈጥናል። ከ40 በላይ ይዳከማል፤ ከ50 እስከ 60 ሲደርስ ይሞታል። ማለትም ሙቀት እስከ አንድ ደረጃ ይረዳዋል፣ ከዚያ በኋላ ይገድለዋል።

ፓስተር መጀመሪያ የተጠቀመበት ይሄንኑ የመጨረሻውን ክፍል ነው። የፈረንሳይ ወይን ጠጅ በየጓዳውና በየመርከቡ እየተበላሸ ነጋዴው ይከስር ነበር። በ1863 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ነገሩን እንዲያጠና ጠየቀው። ፓስተር ወዳደገባት አርቧ ሄዶ የተበላሸውን ወይን ሲመረምር፣ እያንዳንዱ ብልሽት የራሱ ጥቃቅን ሕያዋን እንዳሉት አገኘ። መፍትሔው ተብላልቶ ያበቃውን ወይን አየር ሳያገኘው ለጥቂት ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ ሆነ። በ1865 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት፤ ግን ገንዘብ ሊያካብትበት አልፈለገምና ለሕዝብ ለቀቀው። ጣዕሙ ይበላሻል ብለው የፈሩም ነበሩ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ግን የሞቀና ያልሞቀ ወይን በመርከብ ልኮ ሞከረው፤ ከወራት ጉዞ በኋላ የሞቀው ደህና ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ወተት ላይ «ፓስቸራይዝድ» ተብሎ የምናነበው ከእሱ ስም የመጣ ነው። ወተት ላይ ሥራ ያዋሉት ግን ሌሎች ናቸው።

እነዚህ ዓመታት ለቤቱ የሐዘን ዓመታት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጁ ዣን በ1859 በታይፎይድ ሞተች። በ1865 አባቱንና የሁለት ዓመቷን ካሚይን ቀበረ። በ1866 ደግሞ ሴሲል የምትባለውን የ12 ዓመት ልጁን ያው ታይፎይድ ወሰደበት። በ1868 እሱ ራሱ ገና በ45 ዓመቱ ስትሮክ መታው፣ ግራ ጎኑ ተጎዳ። አልጋ ላይ ሆኖም ሥራውን ያስጽፍ ነበር።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሺያ ተዋጉ፣ ፈረንሳይ ተሸነፈች። ፓስተር በቁጭት የፈረንሳይን ቢራ ከጀርመን ቢራ ጋር ተወዳዳሪ ለማድረግ ተነሣ። በ1871 ፈረንሳይ ውስጥ ሻማልዬር አጠገብ ካለ ቢራ ፋብሪካ ጀምሮ ለንደን ዊትብሬድ ድረስ ሄደ። የዊትብሬድን እርሾ በማይክሮስኮፕ አይቶ ጉድለቱን ነገራቸው፤ እነሱም ብዙም ሳይቆዩ ማይክሮስኮፕ ገዙ።

ቢራው ላይ የሙቀት ነገር ፍጥጥ ብሎ ወጣ። በእንግሊዝ ይዘወተር የነበረው ቢራ ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ውስጥ በሦስት በአራት ቀን ይብላላል። የጀርመኖቹ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ቀን ይፈጅበታል። ለበረዶ ብዙ ገንዘብ ይወጣል፣ ጊዜም ይባክናል። እንግዲህ ለምን ቀዝቃዛው ተመረጠ? ፓስተር በ1876 ባሳተመው የቢራ ጥናት የሰጠው ምክንያት ይሄ ነው፦ ቅዝቃዜው እርሾውን ቢያዘገየውም ቢራውን የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች የበለጠ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ጠማቂው የሚገዛው ቅዝቃዜን ብቻ ሳይሆን ደኅንነትንም ጭምር ነው። እርሾው ከመጀመሪያው ንጹሕ ከሆነ ግን ያን ያህል በረዶ ላያስፈልግ ይችላል ሲልም ተከራከረ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትልቅ ነገር፣ ቶሎ መብላላት ብቻውን ጥሩ መብላላት አለመሆኑን ነው። ሙቀት ለእርሾው ብቻ አይመችም፤ ለጠላቶቹም ይመቻል። ጥያቄው በዚህ ሙቀት የሚፈጥነው ማን ነው የሚለው ነው።

ፓስተር ከዚያ በኋላ ወደ አባ ሰንጋና ወደ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተሻገረ። በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከተበ፣ ልጁም ዳነ። በ1888 ፓሪስ ውስጥ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ አቅራቢያ አረፈ።

እሱም ቢሆን ሁሉን ጨርሶ አላወቀም። ያለ ሕያው ሕዋስ መብላላት የለም ብሎ ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ እርሾውን ፈጭቶ ጭማቂውን ብቻ ስኳር ውስጥ ቢጨምረው ተብላላ። ሥራውን የሚሠሩት በእርሾው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሙቀት ሲጨምር የሚፈጥኑት፣ ሲበዛባቸውም ቅርጻቸው ተበላሽቶ ሥራ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ይሁንና ኢንዛይሞቹን የሚሠራቸው ያው ሕያው እርሾ ነው። ሊቢግም ፓስተርም ሙሉ በሙሉ አላሸነፉም። ፓስተር ግን ባለሙያዎቹ ችግራቸውን ሲነግሩት ጋናቸው ድረስ ሄዶ አይቷል፤ ዛሬ ጠማቂዎች ቴርሞሜትር ብቻ ሳይሆን ማይክሮስኮፕም አጠገባቸው የሚያስቀምጡት እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ባስተማሩት መሠረት ነው።