ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላ መጻሕፍት

የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሣ በእኛ በመሐንዲሶች ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው ጋፋት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በሚገኘው በዚህ ስፍራ ስለ ተሠራው መድፍ ብዙ ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ የመጻሕፍት ክምችት ያቋቋሙ ሰው መሆናቸው ግን እምብዛም አይወሳም።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ለትምህርት ገዳም ገብተው ሳለ ገዳሙ በወታደር ተወረረ፤ እርሳቸው ግን ከጥፋቱ አመለጡ። የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው፣ መቅደላን ደግሞ ምሽጋቸውና ግምጃ ቤታቸው አደረጉ።

በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ስላሰቡ፣ ለዚሁ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ይሰበስቡ ጀመር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ስትዘረፍና ስትቃጠል የአብያተ ክርስቲያናቷ መጻሕፍት ወደ ንጉሡ እጅ ገቡ። ክምችቱ 1,000 ያህል ጥራዝ እንደ ነበረ ይገመታል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ መንገዱ ግን የጉልበት ነበር። በልጅነታቸው የገዳም መወረርን ያዩት ሰው፣ ነግሠው አድባራትን ባዶ አስቀሩ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። ገደሉን እያስቆረጡ፣ መንገዱን እያስደለደሉ ለወራት ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ግምጃ ቤቱም ተዘረፈ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለብሪታንያ ሙዚየም ተወሰዱ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ በመልስ ጉዞ በትግራይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ የደከመበት መድፍ ከብዶ በስፍራው ሲቀር፣ የአገር እውቀት ግን በአጋሰስ ተጭኖ ባሕር ተሻገረ።

ሸክሙን ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ የሚያሳርፍ መሐንዲስ የለም። የመቅደላው ክምችት ግን በአንድ አምባና በአንድ ሰው ሥልጣን ላይ ብቻ የቆመ ነበር፤ ያ ምሰሶ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ሌላ መንገድ አሳየ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሲነሡ ዋናው ከባለቤቱ ጋር ቀረ፤ ቅጂው አዲስ አበባና አሜሪካ ተቀመጠ። ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ እንደሚገኘው እንደ ጣራ ገዳም ላሉ ገዳማትም የሚበጀው ይኸው ነው።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ በየቤታችን የተከማቸው የድልድይና የመንገድ ንድፍ፣ የቅየሳ መዝገብና ፎቶግራፍ የነገው ዘመን ብራና ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሆነ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ለዚህ የቆሙ ናቸው። ስንሰጥም በፈቃዳችን፣ በዝርዝር መዝግበን፣ ቅጂውን በሌላ ስፍራ አኑረን ይሁን። የዐፄ ቴዎድሮስን ሐሳብ ካለ ጉልበት ከፍጻሜ ማድረስ የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።