ዶክተር ዴኒስ በርኪትና የነቀርሳ ምንጭ

የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ለተማሪ የሚጠቅመው ስማቸውን ለማስታወስ ብቻ አይደለም ፤ እንዴት አድርገው ያስቡ እንደ ነበር ለማወቅም ጭምር ነው። ስለዚህ ስለ ነቀርሳ ፣ ማለት ስለ ካንሰር ምንጭ የዓለምን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ስላነቃነቁ አንድ ሐኪም ለጓደኞቻችን ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። እኛ የዳባትና የደባርቅ ልጆች እኚህን ሰው የመረጥንበት የራሳችን ምክንያት አለን ፤ እርሱንም በስተመጨረሻ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዶክተር ዴኒስ በርኪት በ1911 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል ፣ በኤኒስኪለን ከተማ ተወለዱ። የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ልጆች ድንጋይ ሲወራወሩ መነጽራቸው ተሰብሮ ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብተው መጀመሪያ ምሕንድስና ጀመሩ ፤ ኋላ ግን ወደ ሕክምና ተዛውረው በ1935 ተመረቁ። በቅኝ ግዛት የሕክምና አገልግሎት ገብተው በአፍሪካ ለመሥራት ቢጠይቁ ፣ ባለ አንድ ዓይን በመሆናቸው ሳይቀበሏቸው ቀሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን በጦር ሐኪምነት ተቀጥረው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ ፤ በኬንያና በሶማሌ ምድርም አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ወደ ዩጋንዳ ሄደው ፣ ጥቂት ዘመን በገጠር ከሠሩ በኋላ በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሆኑ።

በ1957 አንድ የሥራ ባልደረባቸው መንጋጋው ከላይም ከታችም ፣ ከቀኝም ከግራም ያበጠ ትንሽ ልጅ አሳዩአቸው። ዶክተር በርኪት እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላዩም ነበር። ብዙ ሳይቈዩ በጂንጃ ሆስፒታል እንደዚሁ ያለ ሌላ ልጅ አዩ። አንዱን አይተው እንደ እንግዳ ነገር ሊያልፉት ይችሉ ነበር ፤ ሁለተኛው ግን አላስተኛቸውም። የሆስፒታሉን የቈየ መዝገብ እያገላበጡ ቢመረምሩ ፣ መንጋጋቸው ያበጠ ልጆች ብዙውን ጊዜ ሆዳቸው ውስጥም እብጠት እንዳለባቸው ፣ በሽታውም አንድ ዓይነት ነቀርሳ እንደ ሆነ ተረዱ። ይህንንም በ1958 በጽሑፍ አወጡ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሌሎች ሐኪሞች በሽታው ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ፣ እርሳቸው ወዴት አለ ፣ ወዴትስ የለም ብለው ጠየቁ። የሕመምተኞች ፎቶግራፍ ያለበትን ወረቀት አሳትመው በአፍሪካ ላሉ ሆስፒታሎች ላኩ ፤ መልሱ በመጣ ቍጥር በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። በ1961 መጨረሻ ከሁለት ሐኪሞች ጋር በአሮጌ መኪና ተነሥተው በ10 ሳምንት ውስጥ ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ ፤ ከካምፓላ እስከ ጆሃንስበርግ ድረስ በየሆስፒታሉ እየገቡ ጠየቁ። በመጨረሻም በሽታው የሚገኘው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቈላ እንደ ሆነና በብርዳማው ደጋ እንደማይገኝ ከካርታው ላይ አነበቡ።

የአገራችንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጋቢውን አውልቆ ስለ ወባ ማሰብ ይጀምራል። ዶክተር በርኪት በካርታቸው ላይ ያገኙት ወሰን እንዲሁ ያለ ነበር።

በዚያው በ1961 ፣ ከጉዞው አስቀድሞ ፣ ለንደን ላይ ንግግር ሲያደርጉ ኤፕስታይን የሚባል ወጣት ተመራማሪ ሰምቶአቸው ነበር። እርሱም ከዩጋንዳ በአውሮፕላን የተላከለትን የእብጠት ቍራጭ ከባልደረቦቹ ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምሮ በ1964 ቫይረስ አገኘበት። በሰው ላይ ነቀርሳ ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀው የመጀመሪያው ቫይረስ ይህ ነው። ነገር ግን ወዲያው አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ ፤ ይኸው ቫይረስ በዓለም ሁሉ በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ይገኛል ፤ ደጋ ቈላ ፣ ሀብታም ድኻ አይልም። እንግዲህ ቫይረሱ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። በቈላው ልጅ ላይ ተመላልሶ የሚመጣው የወባ በሽታ የሰውነቱን መከላከያ ስለሚያዛባው ፣ ሁለቱ ተባብረው ነቀርሳውን ያመጣሉ።

ዶክተር በርኪት በ1966 ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሰው ያንኑ ጥያቄ ወደ ትልቁ አንጀት ነቀርሳ አዞሩት። ይህ በሽታ በአውሮፓ ብዙ ሰው ሲገድል ፣ በአፍሪካ ገጠር ያሉ ሆስፒታሎች ግን ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ ያዩት ነበር። ምክንያቱን በመብል ፈለጉት ፤ ቅርፊቱ ያልተገፈፈ እህል የሚበላ ሰው ምግቡ በአንጀቱ ውስጥ ሳይዘገይ ያልፋል ፤ የነጭ ዱቄትና የስኳር በላተኛ ግን ይደርቅበታል አሉ። በ1971 ይህን ሐሳብ በጽሑፍ አውጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አስተማሩ። ያረፉትም በመጋቢት 1993 ነው።

ሐሳባቸው ሁሉ እንደ ተናገሩት ሆኖ አልተገኘም። በአሜሪካ የተደረጉና በ2000 የታተሙ ሁለት ትላልቅ ሙከራዎች ፣ አሰር ያለበትን ምግብ ለጥቂት ዓመት ማብዛት በአንጀት ውስጥ የሚበቅሉትን ትናንሽ እብጠቶች እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። በሌላ በኩል በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተደረገ ረዥም ክትትል ለእርሳቸው ይመሰክራል። በ2015 በታተመ ጥናት ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ገጠሬዎችና ጥቍር አሜሪካውያን ለሁለት ሳምንት ብቻ መብል ቢለዋወጡ ፣ በአንጀታቸው ውስጥ ያለው ሁኔታ በሁለቱም ወገን ተለዋውጦ ተገኝቷል።

አሁን ደግሞ የትልቁን አንጀት ነቀርሳ ቫይረስ ያመጣው ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዳንድ ተመራማሪዎች በእብጠቱ ውስጥ ልዩ ልዩ ቫይረሶችን አግኝተዋል ፤ ሌሎች ፈልገው አጥተዋል። በፊንጢጣ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ነቀርሳ በአብዛኛው የሚያመጣው ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ እንደ ሆነ ተረጋግጧል ፤ ስለ ትልቁ አንጀት ግን ነገሩ አልተቈረጠም። በዚህ ላይ የዶክተር በርኪት ሕይወት የሚያስተምረን አለ። ሌባ በተያዘበት ቤት ውስጥ የተገኘ ሁሉ ሌባ አይደለም። ቫይረሱ በጤነኛውም አለ ወይ ፣ በሽታው የሌለበት አገር የት ነው ፣ አብሮት የሚሠራውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ራሳችን ምክንያት እንመለስ። በዳባትና በደባርቅ ያደግነው በገብስ ቈሎ ፣ በበሶና በባቄላ ነው ፤ ስለዚህ ይህ በሽታ እኛን አይነካንም ብለን ልንኮራ ይቃጣናል። ነገር ግን የዶክተር በርኪት ካርታ የተሠራው ሆስፒታል ከደረሰ ሕመምተኛ ነው ፤ ሆስፒታል ያልደረሰው በካርታው ላይ የለም። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌው ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ቢያይ ኪንታሮት ነው ብሎ ፣ ወይም አፍሮ ዝም ይላል ፤ ዝም እንዳለም ይቀበራል። ከመቃብር በኋላ ማን ይቈጥረዋል? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1996 በዳባት ያቋቋመው የምርምር ጣቢያ ቤት ለቤት እየዞረ የሚወለደውንና የሚሞተውን መመዝገቡ ትልቅ ነገር ነው ፤ የማይነገረውን ሕመም ግን መዝጋቢ ሊጽፈው አይችልም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ስንገባ ሁለት ነገር ይዘን እንግባ። አንደኛ ፣ የእናቶቻችንን በሶ በነጭ ዳቦና በስኳር ለመለወጥ አንቸኵል። ሁለተኛ ፣ አባቶቻችንንና አጎቶቻችንን በአክብሮት ቀርበን ፣ ደም ማየት የሚያሳፍር ሳይሆን ለሐኪም የሚነገር ነገር መሆኑን እናስረዳቸው ፤ ይህ ነቀርሳ በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላልና። አንድ ዓይን ብቻ የነበራቸው ሰው ብዙዎች ያላዩትን ያዩት በመጠየቅ ነው ፤ ሁለት ዓይን ያለን እኛ ቢያንስ በቤታችን ያለውን ልንጠይቅ ይገባናል።