ኬቮርክ ናልባንዲያንና አርባ ልጆች

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ እንዲስፋፋ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት፣ አይንታብ በምትባል ከተማ፣ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ዓ.ም. በዚያ ግዛት በሚኖሩ አርመኖች ላይ ታላቅ እልቂት ደረሰ። ከሞት ያመለጡ ብዙ ሕፃናት ያለ ወላጅና ያለ አገር ቀሩ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠግተው ያድጉ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ገዳሙን ሲጎበኙ፣ ልጆቹ በነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው እጅግ ተደሰቱ። የአርመኖቹን ፓትርያርክ አስፈቅደውም አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ።

በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ ለሚመጣ መንገደኛ ዋናው በር የጅቡቲ ወደብ ነበር። ከወደቡ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ልጆቹም በዚሁ መንገድ ተጉዘው በጳጉሜን ወር 1916 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ ገቡ። ስማቸውም «አርባ ልጆች» ተባለ።

የዚህ የሙዚቃ ጓድ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። ቀድሞ የመንግሥት ክብር የሚገለጠው በነጋሪት፣ በመለከትና በእምቢልታ ነበር። አሁን ግን በኖታ የሚመራ፣ ብዙ መሣሪያ በአንድነት የሚጫወት ጓድ ተጨመረ። ኬቮርክ ከዚህም ሌላ ለአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን የጻፉት ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ላይ ተሰማ፤ ዘውዳዊው ሥርዓት እስከ ወደቀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ተማሪውና ወታደሩ ሲዘምረው ኖረ።

ኬቮርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ዐረፉ። የጀመሩት ሥራ ግን አልተቋረጠም። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የነበሩትን ሙዚቀኞች አሠልጥነዋል።

እልቂት ከደረሰበት ሕዝብ የተወለዱት እኚህ ሰው፣ በእንግድነት የተቀበለቻቸው አገር በሰንደቅ ዓላማዋ ፊት የምትዘምረውን ዜማ ሠሩ። ኢትዮጵያ ለስደተኞች መጠጊያ ሰጠች፤ እነርሱም በበኩላቸው የያዙትን ሙያ ሳይሰስቱ አካፈሏት።