ጄኔራል ደ ጎልና ልጃቸው አን

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ዳውን ሲንድሮም ያለበትን ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ፣ እኔ ሳልፍ ማን አለው ብሎ መጨነቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኢትዮጵያን የጎበኙት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልም ይህ ጭንቀት ነበረባቸው። በ1928 የተወለደችው ልጃቸው አን ዳውን ሲንድሮም ነበረባት። እርሳቸውና ባለቤታቸው ኢቮን ለተቋም ሳይሰጡ በቤታቸው አሳደጓት፤ አባቷ ያጫውቷት፣ ይዘፍኑላት ነበር። በ1940 ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱም አልተዉአትም። ከጦርነቱ በኋላ ረዳት ለሌላቸው መሰል ልጃገረዶች በስሟ መኖሪያ አቋቋሙ። አን በ1948 በ20 ዓመቷ ዐረፈች፤ ደ ጎልም በ1970 ከጎኗ ተቀበሩ፤ በጎ ሥራቸው ግን ዛሬም ቀጥሏል። እኛም በየቁምስናችን እነዚህን ልጆች ከትምህርተ ክርስቶስ አንለይ፤ ካደጉም በኋላ ወላጆቻቸውን ብቻቸውን አንተው።