ለፍሬን ቆዳ ያለበሰችው እናት

ስለ አንዲት ጀርመናዊት ከማውራቴ በፊት እስቲ ለአፍታ ወደ ቀየት ልውሰዳችሁ። አጎቴ አዲስ መኪና ገዝቶ የመጣ ሰሞን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መርቆለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ሲጢጥ አለች። ጎረቤት ሰማ። አዲስ ነው ተብሎ አሮጌ ተሸጠለት የሚል ወሬም ተነዛ። አጎቴ አፈረ። ከዚያ ወዲያ ሰው ባለበት ቁልቁለት ላይ ድምፁ እንዳይሰማ ብሎ ፍሬን ሳይነካ መውረድ ጀመረ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ ነፍሴ ወጥታ ትገባለች። የቤርታ ቤንዝን ታሪክ ያገኘሁት ያኔ ስለ ፍሬን ሳገላብጥ ነው።

ቤርታ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1849 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ፕፎርዝሃይም በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ በግንባታ ሥራ የበለጸጉ አናጢ ነበሩ። ስትወለድ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ዳግመኛ ሴት መሆኗን በቅሬታ የሚገልጽ ቃል ተጽፎ እንደነበር ይተረካል። ያቺ ሴት ልጅ ግን አድጋ ካርል ቤንዝ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ታጨች። የካርል ወርክሾፕ ከሸሪኩ ጋር ባለመስማማቱ ሊዘጋ ሲደርስ፣ ቤርታ ቤተሰቧ ለጋብቻዋ የመደቡላትን ገንዘብ ቀድማ አሰጥታ አዳነችው። በ1872 ተጋቡ። ካርል በ1886 በቤንዚን ሞተር ለሚሄደው ባለ ሦስት ጎማ መኪናው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ ወረቀቱ ላይ የእሷ ስም አልሰፈረም።

መኪናዋ ተሠራች እንጂ ሰው አላመናትም። ታዲያ ቤርታ ምን አደረገች? በኦገስት 1888 አንድ ማለዳ ለባሏ ሳትነግር ኦይገንና ሪቻርድ የተባሉትን ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ትውልድ ከተማዋ ተነሣች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዳጅ ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ቪስሎህ ከሚገኝ ፋርማሲ ማጽጃ ፈሳሽ ገዝታ ሞላች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ዳገት ሲሆን ልጆቹ ወርደው ገፉ። ቁልቁለቱ ግን ከሁሉ ባሰ። ከጎማው ጋር የሚፋተገው የፍሬኑ እንጨት እየተበላ አለቀ። ቤርታ ችግሩን አልደበቀችም፤ መንገድ ላይ ጫማ ሰፊ ፈልጋ በፍሬኑ ላይ ቆዳ አስመታች። ይህ ቆዳ ዛሬ የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ ተደርጎ ይቆጠራል። ከጉዞው በኋላም የታየውን ድካም ሁሉ ለካርል ነገረችው፤ እሱም ለዳገት የሚሆን ማርሽ ጨመረ።

የፍሬን ጩኸትም ቢሆን የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን ባለመብት ሲሆን፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚያወጣው ጩኸት አስቸግሮት ነበር። ወደ አገራችን የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስትገባም የፍሬን ነገር ገና ያልበሰለ ነበር።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በስንት ልመና ደብረ ብርሃን ወስደነው መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ አየው። ሸራው ሙሉ ነው፣ ዲስኩም ደህና ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ የአገራችን ሌሊት ቀዝቃዛና ጤዛማ ስለሆነ ያደረ ዲስክ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፤ ጠዋት ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ተፍቆ ይለቃል። ሁለተኛ፣ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር ገና አልተላመደም። እኩል ስለማይገጥም ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይንቀጠቀጣል፣ ዲስኩም እንደ ደወል ይጮኻል። ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያሉ ደጋግሞ መያዝና በመሃሉ እንዲቀዘቅዝ መተው ያላምደዋል። በመሃል ጠጠር ወይም አቧራ ሲገባም እንዲሁ ይጮኻል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ሲውል የማይተው፣ ብረት የሚፍቅ ዓይነት ድምፅ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወይም ፔዳሉ ሲሰምጥ። ያኔ ወደ ጋራዥ ሳይውሉ ሳያድሩ ነው።

አጎቴ አሁን ቁልቁለት ሲወርድ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ፍሬኑንም ሳያፍር ይይዛል። ጩኸቱም በሳምንት ውስጥ ጠፋ።

ቤርታ በ95ኛ ዓመት ልደቷ በሁለተኛው ቀን፣ በሜይ 1944 ላደንቡርግ ውስጥ አረፈች። መኪናውን የሠራው ባሏ ነው፤ ጉድለቱን መንገድ ላይ አውጥታ ያሳየችው ግን እሷ ናት። እኛ ብዙ ጊዜ ጉድለት ሲሰማብን ድምፁን ለማጥፋት እንሯሯጣለን። ቤርታ ግን ጫማ ሰፊ ፈለገች። ከእሷ የተማርኩት ይህንን ነው።