የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና የነቀምቴ ትምህርት ቤታቸው

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ስለ መምህራንና ስለ ሠራተኞች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው በየዕለቱ የምናያቸውን ሰዎች ለማመስገን ነበረ። ነገር ግን ተማሪ በፊቱ የቆመውን መምህሩን ሲያመሰግን ወይ ያፍራል፣ ወይ ያበዛል። ስለዚህ ከላንጋኖ ሐይቅ ዳር ዓይናችንን ወደ ምዕራብ አንሥተን፣ ከመቶ ዓመት በፊት በነቀምቴ ትንሽ ትምህርት ቤት ስለ አቆሙት ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብና አብረዋቸው ስለ ደከሙት ሰዎች ልንጽፍ ወሰንን። አንባቢያችን በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱን መምህር ቢያገኝ አሳባችን ተፈጸመ ማለት ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኦኔሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጉሙም በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ልጃቸው አድጎ ምን እንደሚሠራ ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ሕይወቱ ግን ስሙን ተከትሎ ሄደ። ሂካ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። ከዚያም በልጅነቱ የባሪያ ነጋዴዎች ከእናቱ ጉያ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ፣ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ገበያ እየተሸጠ፣ አገሩን ወደ ኋላ እየተወ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ። በዚህም መንገድ ላይ ከገዙት ሰዎች አንዱ ነሲብ የሚል ስም ሰጠው።

እኛ የዛሬ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት የመጣነው አንዳንዳችን በእግራችን፣ አንዳንዳችንም በመኪና ነው፤ ወላጆቻችንም ሸኝተውናል። ይህ ልጅ ግን ወደ ትምህርት ቤት የደረሰው ተሸጦ ነው። በ1870 በምፅዋ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች አስረከበው። እነዚህም ሚሲዮናውያን ወደ ምፅዋ ከመጡ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆኗቸው ነበር፤ አሳባቸውም ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ሳለ መንገዱ ተዘግቶባቸው በባሕሩ ዳር ቀርተው ነበር። ስለዚህ መሄድ ካልቻሉበት አገር የተነጠቀ ልጅ በእጃቸው ገባ።

ልጁ ከነርሱ ዘንድ ፊደል ቆጠረ፤ በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የተጠቀሰው፣ ባሪያ ሳለ ወንድም ሆኖ የተመለሰው ሰው ስም ነው። ኦኔሲሞስ ግን በገበያ የተሰጣቸውን ስም አልጣሉትም። የነፃነት ስማቸውና የባርነት ስማቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጎን ለጎን ቆመው ኖሩ፤ ዛሬም ኦኔሲሞስ ነሲብ ብለን የምንጠራቸው በሁለቱም ስም ነው።

በ1876 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ስዊድን አገር ተልከው፣ በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው በዮሐኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ተመልሰው በምፅዋ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። እንዲህ ያለ ትምህርት ያገኘ ሰው በዚያን ጊዜ በማናቸውም ወደብ ጥሩ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ባላጣ ነበር። የእርሳቸው ምኞት ግን ወደ ተነጠቁበት አገር ተመልሶ ማስተማር ነበረ።

በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞከሩ። ከጓደኞቻቸው ጋር በረሃውን አቋርጠው እስከ ፋማካ፣ ማለት እስከ ኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ ደረሱ፤ ነገር ግን ማለፍ ሳይቻላቸው በ1882 በሕመም ተዳክመው ወደ ካርቱም ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሸዋ በኩል ሞክረው እንጦጦ ድረስ ወጡ፤ ንጉሥ ምኒልክ ግን እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ሰው ሁለት ጊዜ ከበር ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን አያንኳኳም። ኦኔሲሞስ ግን እግራቸው ያልደረሰበት አገር መጽሐፍ ሊደርስበት ይችላል ብለው፣ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው በትርጉም ሥራ ተጠመዱ።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ገጠማቸው። ቋንቋቸውን የለቀቁት በልጅነታቸው ነው። ልጅ የሚያውቀው ውሃ፣ እሳት፣ እናት፣ ጥጃ የሚለውን እንጂ፣ ሽማግሌ በሸንጎ የሚናገረውን ወይም ሴቶች በሠርግና በልቅሶ የሚሉትን አይደለም። ስዊድንኛ የሚያነቡት ምሁር በእናታቸው ቋንቋ ቃል አጠራቸው። የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመሸፈን ቀላል ነው፤ እርሳቸው ግን ጉድለታቸውን አምነው ረዳት ፈለጉ።

ረዳቱም የተገኘችው ከተማሪዎቻቸው መካከል ነው። በ1886 የጣሊያን መርከበኞች ባሪያ የጫነች መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ይዘው የተገኙትን ሰዎች ነፃ አወጡ፤ ከነዚህም ውስጥ አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ ነበረች። ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገብታ ጥቂት እንደተማረች፣ ኦኔሲሞስ የቋንቋ ስጦታዋን አስተዋሉና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጧት። እርሷም በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን ሰብስባ ጻፈች፤ ከዚህም ሌላ አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከአእምሮዋ አውጥታ በወረቀት ላይ አሰፈረች። መምህሩ በመዝገቧ እየታገዙ ያረሙት አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ወጣ። በመጨረሻም ኦኔሲሞስ ወደ ስዊስ አገር ተጉዘው ኅትመቱን ከተቆጣጠሩ በኋላ፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በባዝል አጠገብ በሳንክት ክሪሾና ታተመ።

በእርግጥ ከእርሳቸው በፊት በጀርመናዊው ሚሲዮናዊ በክራፕፍ አማካይነት በ1876 የታተመ የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ነበረ። የኦኔሲሞስ ሥራ ግን መላውን መጽሐፍ የያዘ፣ ቋንቋው የራሳቸው በሆነ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

የጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ይህ ፊደል ለኦሮምኛ ሲሆን ሥራው ቀላል አለመሆኑን፣ በዚህ በላንጋኖ አካባቢ ሁለቱንም ቋንቋ የምንሰማ ተማሪዎች እናውቃለን። በአማርኛም ቢሆን ገና የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን ወይም ያልደረሰ ነገር፣ የሚለየው በማጥበቅና በማላላት እንጂ በፊደሉ አይደለም። በኦሮምኛ ደግሞ ከማጥበቅና ከማላላት በተጨማሪ የድምፅ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ መሬት የሚለውና ለስላሳ የሚለው ቃል የሚለያዩት ድምፁ በማጠሩና በመርዘሙ ነው። እነዚያ ተርጓሚዎች በእያንዳንዱ መስመር ይህን እየመረመሩ መጻፍ ነበረባቸው። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ሆኖም ያለ እነዚያ የመጀመሪያ መጻሕፍት የቋንቋው የጽሕፈት ታሪክ ሊነገር አይችልም።

በ1904 ያ የተዘጋ በር ተከፈተ። ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ነፃ ከወጡ ጓደኞቻቸው ጋር ወለጋ ገቡ። የነቀምቴ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በደስታ ተቀበሏቸው። በነቀምቴም ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አስቴርም ከመምህራኑ አንዷ ሆነች። አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ትንሽ ትምህርት ቤት ምን ያህል ቀድሞ እንደ ተነሣ እንረዳለን። የመንግሥት በጀት አልነበረውም፤ ትልቅ ሕንፃም አልነበረውም። የነበረው ሀብት ፊደል የሚያውቁ፣ የልጆቹን ቋንቋ የሚናገሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ፈተና መጣ። በኦሮምኛ መስበካቸው ከአካባቢው ካህናት ጋር አጋጫቸው፤ ተከሰውም በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ እንዲሰደዱም ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ይሁን እንጂ ከእንግዲህ እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። የተተወላቸው ማስተማር ብቻ ነበረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ለዚህ ሰው ስብከት የሕይወታቸው ዓላማ ነበረ። ለዚሁ ሲሉ በረሃ አቋርጠዋል፤ ለዚሁ ሲሉ መጽሐፍ ተርጉመዋል። አሁን በሃምሳ ዓመታቸው ገደማ ከዚህ ሁሉ የቀረላቸው አንድ የመማሪያ ክፍል ነው። ማኩረፍ ይችሉ ነበር፤ ወደ ምፅዋም መመለስ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ለአሥር ዓመት ያህል ልጆችን አስተማሩ። የተከለከሉትን እያሰቡ የተፈቀደላቸውን አላቃለሉም። ልጅ አንድ ጊዜ ማንበብ ከቻለ የሚያነበውን መጽሐፍ ራሱ ሊመርጥ ይችላልና፣ የፊደል ሥራ ትንሽ ሥራ አለመሆኑን ያውቁ ነበር።

በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ኦኔሲሞስም እስከ መጨረሻው እያስተማሩ፣ እየሰበኩ፣ መጻሕፍቱን እያደሉ ኖሩ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 21 ቀን 1931፣ በነቀምቴ አረፉ። ባርነትን በኢትዮጵያ ፈጽሞ የሚሽረው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1942 ነው። ያ የተሸጠ ልጅ ይህን ቀን አላየም፤ ነገር ግን ባሪያ የነበረ ሰው መምህር ሊሆን እንደሚችል አገሩ በዓይኑ አይቶ ነበር።

አስቴር ጋኖ ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በ1964 ዐረፈች። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ሲነሣ የሚጠራው የኦኔሲሞስ ስም ነው፤ የእርሷ ስም ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው በሚገባ መታወቅ የጀመረው። ከሰበሰበችውም ተረትና ዘፈን ብዙው ሳይታተም ቀርቷል። ይህን የምንጽፈው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም፤ ስጦታዋን ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸውና። የምንጽፈው በማናቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ ስማቸው በበሩ ላይ ያልተጻፈ ሰዎች እንዳሉ ለማስታወስ ነው።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ከመካከላችን የአንዳንዱ ቤት ቋንቋ አማርኛ፣ የአንዳንዱ ኦሮምኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብተን ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ በሆነ ጊዜ ግን ሁላችንም እኩል ዝም አልን። በዚያን ጊዜ ደወል ከተደወለ በኋላ ከክፍል ሳይወጡ የቀሩ፣ ያልገባንን ነገር በየቋንቋችን መልሰው ያስረዱን መምህራን ነበሩ። ይህ ሥራ በደመወዝ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ማለዳ ከእኛ በፊት መጥቶ ክፍሉን የሚከፍተው ዘበኛ፣ ምሳችንን የምታበስልልን እናት፣ የተቀደደውን መጽሐፍ የሚጠግነው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራቸው በፈተና ውጤታችን ላይ ስማቸውን አያስጽፍም። ነገር ግን አስቴር ባትኖር ኦኔሲሞስ ቃል እንዳጠራቸው ሁሉ፣ እነዚህ ባይኖሩ እኛም የምንማረው ባልተሟላ ነበር።

በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ የምንወጣ ተማሪዎች ወዴት እንደምንሄድ ገና አናውቅም። ከእኛ አንዳንዱ ሩቅ አገር ይማር ይሆናል፤ በር የሚዘጋበትም ይኖራል። የኦኔሲሞስ ሕይወት የሚያስተምረን ሩቅ መሄድ ለመመለስ መሆኑን፣ የሚያውቀውን ለወገኑ ያላካፈለ ምሁርም ትምህርቱ ለብቻው መቅረቱን ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተምር አንድ ተማሪ እንኳ ከእኛ መካከል ቢገኝ፣ መምህራኖቻችንና ሠራተኞቻችን ከዚህ የበለጠ የበዓል ስጦታ ከእኛ የሚጠብቁ አይመስለንም።